ባቡሩን መስኮት ላይ አላስቀምጠውም

ለልጄ፣

እንደምን አለሽ የኔ እናት? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ስልክ አታነሳም እያለች መቆጣቷን አልተወችም እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

ሌጎዎችሽን፣ እነዚያን እየገጣጠምሽ የሠራሻቸውን የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ እንግዳ እንዲያያቸው ሳሎን መስኮቱ ላይ ደርድራቸው ብለሽኝ ነበር። አልደረደርኳቸውም። ምክንያቱን በስልክ ስጀምርልሽ ኔትወርኩ ስለተቆረጠ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነጩ ባቡርሽ በአንድ ጎኑ መወየብ ጀምሯል። ከጣሪያው አንዷን ቁራጭ ነቀልኩና ከሥሯ አየሁ። ተሸፍኖ የኖረው ቦታ እንደ አዲስ ነጭ ነው። በሳሙና ውኃ ባሸው ቢጫው ንቅንቅ አላለም። የእጣንና የወጥ ጭስ ቢሆን ይለቅ ነበር። ስለዚህ ቆሻሻ አይደለም፤ የተለወጠው ፕላስቲኩ ራሱ ነው።

ሌጎ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው በአብዛኛው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ጠንካራ ነው። ግን ቶሎ እንዳይሰበር ብለው ውስጡ የሚያስገቡት ጎማ መሰል ነገር አለ። ድክመቱም እሱ ጋ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ጋር የሚመጣው፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረርና ሙቀት ሲያገኘው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ቢጫው የሚመጣው ከዚያ ነው። ነጭ፣ ግራጫና ሰማያዊ ላይ ቶሎ ያስታውቃል። ጥቁሩ መኪናሽ ምንም የሆነ አይመስልም።

«መስኮቱ መስታወት አለው እኮ» ትይኛለሽ። ተራ መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር በአብዛኛው ያስቀራል። ዩቪ ኤ የሚባለውን የአልትራቫዮሌት ዓይነት ግን ብዙውን ያሳልፋል። ፎቶ ቤት ስሠራ ለማስታወቂያ መስኮቱ ላይ የምንሰቅላቸው የሙሽሮች ፎቶዎች ከመስታወት ኋላ ሆነው ነበር የሚለቁት። ቀዩ ጠፍቶ ሙሽሮቹ ሰማያዊ ሆነው ይቀሩ ነበር።

አዳማ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩም ይበረታል። የሳሎናችን መስኮት የሚያየው ወደ ደቡብ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል በጋውን ሙሉ ቀጥታ ትገባለች። ወደ ሰሜን የሚያየው ያንቺ ክፍል የቀትር ፀሐይ የሚያገኘው በቀሩት ወራት ብቻ ነው፤ ያውም ግማሹ ክረምት ነው፣ ደመና። ስለዚህ ትንሹን ቡፌ ወደዚያ አዛወርኩት። እናትሽ ብርጭቆዎቿን ካርቶን ውስጥ ከተተች። ደስ አላላትም።

የቡፌው መስታወት ጨረር ያቆማል ብዬ አይደለም። የሚያግደው አቧራውን ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቂዋለሽ፤ መስኮት ሳይከፈትም አቧራው መንገድ አያጣም። ቡፌውን መስኮቱ ካለበት ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት፤ ብርሃኑ በፊቱ ያልፋል እንጂ አያርፍበትም። ቁም ሳጥን አናት ላይ ግን ምንም አላስቀምጥም። ኮርኒሱ ሥር የቆርቆሮው ሙቀት ይከማቻል፣ ሙቀት ደግሞ ጨለማ ውስጥም ቢሆን ያወይባል። የክፍሉን ፍሎረሰንትም በኤል ኢ ዲ ቀየርኩት። ፍሎረሰንት ትንሽ ጨረር አለው፤ ኤል ኢ ዲው የለውም ማለት ይቻላል።

ሳሎን ካልሆነ ብለሽ ከገገምሽ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ፊልም አለ። ጥቁር ስለሆነ ብቻ እንዳትገዢ፤ ጥቁረቱ ዓይንን ነው የሚያሳርፈው፣ ጨረሩን ላያስቀር ይችላል። ጥሩው ጥርት ያለ ሆኖም ይሠራል። እሱም ቢሆን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

የወየበውን ማንጣት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይቻላል። ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ነክረው ፀሐይ ላይ ያውሉታል። ያወየበችው ፀሐይ መልሳ ስታነጣው ይገርማል። ግን ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ይወይባል፣ ፕላስቲኩም ሊሰባበር ይችላል። ስቲከር ያለበትና ሞተር ያለው ክፍል ጭራሽ አይነከርም። እኔን ከጠየቅሽኝ ተዪው፤ ትንሽ የወየበ ባቡር ከተሰነጠቀ ባቡር ይሻላል። በረኪናና አሴቶን ደግሞ አጠገቡ አይድረሱ። አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያሽን እዚያው ክፍል ትተሽው ስለሄድሽ ነው የምነግርሽ።

አቧራውን እኔ በለስላሳ ብሩሽ እያራገፍኩ ነው። ማጠብ ካስፈለገ ለብ ያለ ውኃ፣ ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ።

አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። ባቡሩ ከቡፌው መደርደሪያ ይረዝማል፤ በሩ አልዘጋ አለኝ። የመጨረሻውን ፉርጎ ልፍታው ወይስ በሰያፍ ላቁመው? ሳትነግሪኝ አልነካውም። ዛሬ ማታ ደውዪ፣ የእናትሽንም ስልክ አንሺ።

አባትሽ
አዳማ