የበረዶ ሸርተቴ ክበብ፦ ሰው የማይበዛባቸው መንገዶች

የተማሪዎች ክበባችን የቆየ ልማድ ይታወቃል፤ አባላቱ ሰውን በገመድ ወደ ተራራው በሚያወጣው ትልቁ ሊፍት ይወጣሉ፣ ሁሉም በሚወርድበት ሰፊ ቁልቁለት ይንሸራተታሉ፣ ተመልሰው ሰልፍ ይይዛሉ። ዘንድሮ ይህን ተውነው። በዚያው ተራራ ላይ እያሉ ማንም የማይዘልቅባቸውን መንገዶች ፈልጎ ማወቅ የዓመቱ ሥራችን ሆነ።

ሥራው የተጀመረው ክፍል ውስጥ፣ ካርታ በማንበብ ነው። የሸርተቴ ካርታ ብዙውን ጊዜ ሥዕል ነው፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄምስ ኒሂዩስ ብቻውን ከ200 በላይ ሠርቷል። የተራራውን የተለያዩ ጎኖች በአንድ ወረቀት ላይ ለማሳየት ሲባል አንዱ ጎን ይለጠጣል፣ ሌላው ይጨመቃል። በወረቀቱ ዳር ቀጥኖ የሚታይ መስመር መሬት ላይ ሰፊና ረጅም ሆኖ ይገኛል። ተማሪዎቹ ይህን ሥዕል የከፍታ መስመሮች ካሉት ካርታ ጋር ሲያስተያዩ፣ ከዐይን የተሰወሩትን መንገዶች ራሳቸው ለቅመው አወጡ።

ሰው የሚሸሻቸው በቂ ምክንያት ኖሮት አይደለም። ወደ አንዳንዶቹ የሚያደርሰው ሊፍት አሮጌና ዘገምተኛ ነው። ሌሎቹ መጨረሻቸው ሜዳ ስለሆነ፣ ፍጥነቱን ቀድሞ ያልያዘ ሰው በሸርተቴ ዱላው እየገፋ ለመጨረስ ይገደዳል። ቀለማቸው የሚያስፈራም አለ። በአውሮፓ ከባዱ መንገድ በጥቁር፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በጥቁር አልማዝ ቅርጽ ምልክት ይደረግበታል፤ ነገር ግን ደረጃው የሚሰጠው በዚያው ቦታ ካሉት ሌሎች መንገዶች ጋር ተነጻጽሮ በመሆኑ፣ የአንዱ ተራራ ጥቁር ከሌላው ጥቁር ጋር እኩል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ተማሪዎቹ ፀሐይንና ነፋስን ማንበብ መልመዳቸው ነው። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡብ የዞረ ቁልቁለት ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል፤ ጠዋት የሚጠብቀን ድንጋይ የመሰለ በረዶ ነው። ወደ ሰሜን የዞረው ግን ልስላሴውን ለቀናት ያቆያል። አንድ ቀን መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ጉብታ ላይ ሁላችንም ስናመነታ፣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ዱላዋን በግራ በኩል ወጋች፤ ጫፉ ቅርፊቱን መትቶ ነጠረ። በቀኝ በኩል ስትወጋ እስከ መያዣው ሊሰምጥ ደረሰ። «ነፋሱ ከዚህ ጠርጎ እዚያ ከምሮታል» አለች። በቀኙ ወረድን፤ ጉልበት የሚደርስ፣ ማንም ያልረገጠው በረዶ ነበር። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላስተምረው አልችልም ነበር።

ለወላጆች አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሰው የማይበዛበት መንገድ ማለት የተከለከለ መንገድ ማለት አይደለም። ገመድ የተወጠረበትን ቦታ ያለፈ አባል የለም፤ አይኖርምም። አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ ለሸርተቴ ከተከለለው ቦታ ውጭ ያለውን በረዶ የሚቆጣጠረው የለም። በተከለለው ቦታ ውስጥም ቢሆን ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ባለበት፣ ከቅርንጫፎቹ ሥር በግንዱ ዙሪያ ያልጠበቀ በረዶ የሞላው ጉድጓድ ይፈጠራል፤ በጭንቅላቱ የወደቀበት ሰው ያለ ረዳት መውጣት ይሳነዋል። ስለዚህ የምንወርደው ጥንድ ጥንድ ሆነን፣ እርስ በርስ እየተያየን ነው። ከፊት ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ የሚቆም ሰውም ዳር ይዞ፣ ከላይ በሚታይበት ስፍራ ይቆማል።

ተማሪዎቹ በዓመቱ መጨረሻ የራሳቸውን ካርታ ሠርተዋል። የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ፣ ፍጥነት ከየት ጀምሮ መያዝ እንደሚገባ፣ የትኛው መጋጠሚያ ላይ ከላይ የሚመጣውን ማየት እንደሚያስፈልግ ተጽፎበታል። በሚቀጥለው ዓመት ከተራራው ግርጌ ያሉትን የሜዳ ሸርተቴ መንገዶች እንጨምርበታለን። ለመግባት የሚፈልግ ተማሪ ፈጣን እንዲሆን አንጠይቅም፤ በፈለገበት ቦታ መቆም ከቻለ ይበቃል።