አባባ፣ ክኒኑ የሚሠራው እንዲህ ነው

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ
መሐል ሜዳ

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ይህ መድኃኒት ምን እንደሚሠራልኝ የነገረኝ ሰው የለም» ብለውኛል። እውነትዎን ነው። ወረፋው ብዙ ስለነበር ፓርኪንሰን የሚለውን የበሽታውን ስም ብቻ ነግረው ሸኙን። በስልክ ደግሞ ኔትወርኩ አያስጨርስም። ረጋ ብለው እንዲያነቡት ብዬ ጻፍኩልዎ።

እጅዎ የሚንቀጠቀጠው የመንዝ ብርድ ገብቶብዎ አይደለም። የሰው ዓይንም አይደለም። ችግሩ አንጎልዎ ውስጥ፣ አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው መልእክት በሚያቀብልበት ቦታ ላይ ነው።

አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ። መልእክቱ ከሴሉ በወጣ ቀጭን ክር ላይ በኤሌክትሪክ መልክ ይሮጣል። እኔን የሚገርመኝ ክሩ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። ሴሎቹ አይነካኩም! በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ አንድ ሚሊሜትር ለ50 ሺህ ቢከፈል አንዷን ታህላለች። ኤሌክትሪኩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ያኔ በትንንሽ ከረጢቶች ተቋጥሮ የቆየ ኬሚካል ይፈሳል። ክፍተቱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ሴል ላይ ያርፋል፤ «ቀጥል» ወይም «ተው» ይለዋል።

«ይህን በምን አወቁት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በ1921 እ.ኤ.አ. ኦቶ ሎዊ የተባለ ተመራማሪ ኦስትሪያ ውስጥ በሁለት የእንቁራሪት ልቦች ሞከረው። የአንደኛውን ልብ ነርቭ ሲያነቃቃው ምቱ ዘገየ። ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ሁለተኛው ላይ ጨመረ። ነርቩን ማንም ያልነካው ያ ልብም ዘገየ! መልእክቱ ፈሳሹ ውስጥ ነበር። የሙከራው ሐሳብ በሕልሜ መጣልኝ ብሎ ተናግሯል። በ1936 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመበት።

እርስዎ ያጠረዎት ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ነው፤ ዶፓሚን ይባላል። ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች በዚህ በሽታ ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እጅዎ የሚንቀጠቀጠው፣ እርምጃዎ ያጠረው፣ የእድሩ መዝገብ ላይ ፊደልዎ እያነሰ የሄደው በዚሁ ነው።

ዶፓሚኑን ራሱን ቢውጡት ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። በክኒንዎ ውስጥ ያለው ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። አብሮት ያለው ካርቢዶፓ መንገድ ላይ እንዳይባክን ይጠብቀዋል። የሞቱትን ሴሎች ግን አያስነሳም፤ ይህን አልደብቅዎትም። የጎደለውን መልእክት ለጥቂት ሰዓታት ይተካል። ሰዓቱ ሲያልፍ ሰውነትዎ የሚተሳሰረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጾም የጠዋቱን ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚያቆዩት እማዬ ነግራኛለች። አባባ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ ይህን ይተዉልኝ። ያ ገደላማ መንገድ ላይ ቢወድቁስ? የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መድኃኒት እንደማይከለክሉ አምናለሁ። በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

ደግሞ ሥጋ፣ ወተት፣ ሽሮም ቢሆን ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማል። ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው በውኃ ይዋጡት። ካቅለሸለሸዎ ይንገሩኝ፤ ሐኪሙን እጠይቃለሁ።

ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ቀደም ብለው ያስደውሉልኝ። በመኪና እልካለሁ።

ልጅዎ