ከራፖር ጸሐፊው አባትሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ድሬ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። የላክሽላትን ሹራብ እናትሽ ለብሳው ለማየት ሐረር መውጣት ሊኖርብን ነው።

በስልክ «አሳማኝ ጽሑፍ ጻፉ ተባልን፣ ሐሳብ ግን እምቢ አለኝ» ስትዪኝ ካርዴ አለቀ። ደግ ሆነ፤ በጽሑፍ ይሻለኛል፣ እንጀራዬስ እሱ አይደል? 27 ዓመት ፍርድ ቤት አጥር ሥር ራፖር ስጽፍ፣ ቁጭ ብዬ በማሰብ ሐሳብ የመጣልኝ ቀን ትዝ አይለኝም። የሚመጣው ሰው ሲያወራ ነው፤ ያውም «አይሆንም» ባዩ ያለውን ስሰማ።

ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ የውሃ ቢል ይዘው መጡ። ሦስት ማመልከቻ አስጽፈው ሦስቱም ተመልሶባቸዋል። ሳነባቸው ከላይ እስከ ታች «ደሃ ነኝ፣ ጧሪ የለኝም፣ በፈጠረዎት» ነው። (አንዱን የጻፈው አጠገቤ የሚቀመጠው ወዳጄ ነው፤ እንዳታወጪብኝ።) «ሰውየው ሲመልስዎት ምን አለዎት?» አልኳቸው። «ቆጣሪ አይዋሽም አለኝ።»

በቃ፣ ነገሩ እዚያ ነበር! ሰውየው ስለ ድህነታቸው አልጠየቀም፣ ስለ ቆጣሪው ነው ያወራው። ቢሉን ገልጠን ወሩን ስናይ፣ በዚያ ወር እሳቸው ቤት ዘግተው ጅግጅጋ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። የአውቶቡስ ትኬቱ ተጣጥፎ ከኮታቸው ኪስ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር ማለት ነው። አምስት መስመር ጻፍኩላቸው፤ «በፈጠረዎት» አላልኩም። ሳምንት ሳይሞላ ቆጣሪውን የሚፈትሽ ሰው ተላከላቸው።

ስለ ደቻቱ ወንዝ እጽፋለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ጻፊ። ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዚያ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ ዘርዝረሽ «ከወንዙ ዳር ተነሡ» ብትዪ የድሬ ሰው አይነሣልሽም። የምትነግሪው የቀበረውን ሰው ነው። ይልቅ ለክረምት ስትመጪ እዚያ ዳር የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ጠይቂልኝ፤ ለምን አትነሺም በያት። እኔ የጠየቅኳት «አቦ፣ ዳመና ሳይ እነሣለሁ!» አለችኝ። አየሽ፣ የምትመልሺው ለዚህች ቃል ነው። ዝናቡ የሚወርደው ላይ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ነው፤ እሷ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ደረቁ አሸዋ ወንዝ ሊሆን ይችላል። ጽሑፍሽን ከዚህ ብትጀምሪ ቢያንስ እሷ ቆማ ትሰማሻለች።

ቀፊራ ገበያም ጎራ በዪ። ጨርቅ ሻጮቹ ያንኑ አንድ ጨርቅ ለአንዷ በኦሮምኛ «ቢታጠብ አይለቅም»፣ ለሌላዋ በሶማሊኛ «ለሙቀት ቀላል ነው» እያሉ ሲሸጡ ታያለሽ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሻጯ የምትመርጠው ገዢዋ ጨርቁን ስትነካ የፊቷን ሁኔታ አይታ ነው። ደብተር ያዢ፣ የሰማሽውን እንዳለ በቃላቸው ጻፊ፤ አታሳምሪው።

ረቂቁን ላኪልኝና እኔ እምቢ ባዩ ልሁን። እናትሽ ለዚህ ሥራ አትሆንም፤ ገና «ውድ አንባቢ» ስትዪ ትስማማልሻለች።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ