ቪየና ለምትሄዱ፦ ስለ ገና ገበያዎቹ

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ስለ ቪየና የገና ገበያ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፍ።

ትልቁ ገበያ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ነው። የከተማዋ የታኅሣሥ ገበያ ታሪክ እስከ 1298 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ይሄዳል ይባላል። መብራቱ ያምራል፤ ቅዳሜ ማታ ግን መፈናፈኛ የለም። በሥራ ቀን ሂዱ። በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሲል ስለሚጨልም መብራቱን ለማየት ማምሸት አያስፈልግም። እኔን ብትጠይቁኝ ሽፒተልበርግ የሚባለው ሰፈር ያለው ገበያ ይበልጣል። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ የእጅ ሥራም ይበዛበታል።

ትኩስ ወይን ስትገዙ ለኩባያውም መያዣ ያስከፍሏችኋል። ኩባያውን ስትመልሱ ብሩን ይመልሱላችኋል። ካማራችሁ ደግሞ ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ለልጆችና አልኮል ለማትጠጡ "ኪንደርፑንሽ" የሚባል አልኮል የሌለው ትኩስ መጠጥ አለ።

የገና ጾም ላይ ለሆናችሁ፣ ፍም ላይ የሚጠበሰው "ማሮኒ" የሚባለው ፍሬ ያዋጣችኋል። ትኩሱን በወረቀት ይሰጧችኋል። የድንች ቂጣው ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት ሳትጠይቁ አትብሉ።

እሑድ ገበያዎቹ ቢከፈቱም ሱቆች በአብዛኛው ዝግ ናቸው። አስቤዛ ቅዳሜ ጨርሱ። ዲሴምበር 24 ገበያዎቹም ቀደም ብለው ይዘጋሉ።

ጫማ ላይ አትቀልዱ! ሰዓታት ቆማችሁ ነው የምታሳልፉት፤ ብርዱ የሚገባው ከታች ነው።

በቡድን መዞር የምትፈልጉ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።