የተርጓሚው ስም የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በባህል ገጻችሁ ያወጣችሁትን የትርጉም ግጥም ደጋግሜ አነበብኩት። አማርኛው ያምራል፤ ቤት ለመምታት ሲል አልተጣመመም። ከባዕዱ ገጣሚ ስም በቀር ግን ሌላ ስም የለበትም። ያንን አማርኛ የጻፈው ማን ነው? ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ነገሩን ያከበደብኝ አንዲት ስሎቫካዊት ገጣሚ ናቸው። ሚላ ሃውጎቫ ይባላሉ። እኔ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስሎቫኪያዋ ኒትራ ከተማ ግብርና ስማር፣ እሳቸው እዚያው ኮሌጅ ተምረው ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። ይህን ያወቅሁት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቡዳፔስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1942 ተወለዱ፤ ከኮሌጅ ወጥተው አስተማሩ። በ1968 በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ስምምነት ጦር ቼኮዝሎቫኪያ ሲገባ ወደ ካናዳ ተሰደዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። የመጀመሪያ መድበላቸው በ1980 በብዕር ስም ሲወጣ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ርዕሱ «የዛገ ሸክላ አፈር» እንደ ማለት ነው። ስለ አፈር የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል፤ ብረት ያለበት አፈር አየርና ውሃ ሲያገኘው በእርግጥም ይዝጋል፣ የሚቀላውም ለዚህ ነው። ርዕሱን ብቻ አይቼ የክፍሌን ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ግጥሞቻቸው ስለ ፍቅር፣ ስለ እናትና ልጅ፣ ስለ አትክልት ቦታ ናቸው። ስንኞቹ ይቆራረጣሉ፣ በመሀል ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ አንባቢ ትንፋሹን ሰብስቦ ካልሆነ አይዘልቃቸውም። «ሮምቦይድ» በተባለው የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅነትም ዓመታት ሠርተዋል፤ በ2020 ስሎቬኒያ ውስጥ የሚሰጠውን የቪሌኒትሳ ሽልማት አግኝተዋል። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ግን በጀርመንኛ የጻፉትን ገጣሚዎች ፓውል ሴላንን፣ ጌኦርግ ትራክልንና ኢንጌቦርግ ባኽማንን፣ አሜሪካዊቷን ገጣሚ ሲልቪያ ፕላዝንም ወደ ስሎቫክኛ መልሰዋል። ከ5 ሚሊዮን ብዙም በማይበልጥ ሕዝብ አገር እንዲህ ያለ ሥራ ለአንድ ቋንቋ ምን ያህል ስንቅ እንደሚሆን አስቡት።

እዚያ አገር የትርጉም መጽሐፍ ስትገልጡ ከርዕሱ ሥር «ፕረሎዢላ» የሚል ቃል ታያላችሁ፤ «ተረጎመች» ማለት ነው። እንደ አማርኛችን ሁሉ ግሱ ራሱ ሴት መሆኗን ይናገራል። ስሟም አጠገቡ አለ።

እናንተም ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ጻፉልን። ያለፈው ሳምንቱንም በማረሚያ አውጡት፤ ስሙን ካወቅሁ የዚያን ሰው ሌላ ሥራ ፈልጌ ማንበብ እሻለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዳማ