ሁሉንም ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ አትጫኑት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ልጆች ከቤተክርስቲያን እየራቁ ነው ብላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩት፣ ጥፋቱን በሙሉ ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ መጫናችሁ ግን አልተዋጠልኝም። ዘዳግም 6፥7 እኮ ለልጆችህ አስተምር ሲል በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ ስትነሳ ነው የሚለው፣ የጢሞቴዎስም እምነት ቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ ነው። ታዲያ እኛ አባቶች የት ነን? (እናቶችማ ቢያንስ ይሞክራሉ) ማታ ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነው የሚያመሸው፣ ረጅም ስብከት ይሰበክ አላልኩም፣ አንድ ምዕራፍ በየተራ ማንበብ፣ ልጁ ከበድ ያለ ጥያቄ ሲያመጣ ዝም በል አለማለት በቂ ነው። ደሞ እናታቸውን ሲሰድብ ውሎ ማታ ጸሎት የሚመራ አባት ልጆቹ ምን ይሉታል? ኤፌሶን 6፥4 አባቶች ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል፣ እኛ ግን ሁሌ የምንጠቅሰው ከሱ በፊት ያለውን፣ ለወላጆቻችሁ ታዘዙ የሚለውን ብቻ ነው።