ፍሬን ሸራ የሚያስመጣውም ኢንሹራንስ ይግባ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። መኪና ተገልብጦ ሰው ሲያልቅ ዜናው ብዙ ጊዜ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ይልና ያልፋል። ፍሬኑ ለምን እምቢ አለ? የፍሬን ሸራውን ማን አስመጣው? እዚያ ድረስ የሚሄድ አላየሁም።

በጭነት ሥራ ነው የምተዳደረው፣ አይሱዙ አለኝ። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳልገባ መንገድ መውጣት አልችልም። ትክክልም ነው። አደጋ ከደረሰ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለቤት ይይዛል፤ ጥፋት የለብኝም ብሎ ማምለጥ የለም። ይሁን። ሸራውን ያስመጣው ነጋዴስ? እሱ የሚገባው የባሕር ጉዞ ኢንሹራንስ ነው፣ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ገንዘቡ ይመለስለታል። ዕቃው ተሸጦ መኪና ላይ ከታሰረ በኋላ ሰው ቢገድል ካሳ የሚከፍል ኢንሹራንስ ግን እንዲገባ የሚያስገድደው የለም።

አንቀጽ 2085 አለ የሚል ይኖራል። አዎ፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሚናገረው ስለ ሠራው ሰው ነው። የሠራው ደግሞ ቻይና ወይም ሕንድ ነው ያለው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም እውነተኛ ከሆነ ማለት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ከደብረ ብርሃን ተነስታ ጓንግዡ ድረስ ሄዳ ትክሰስ?

አሜሪካ ውስጥ በመኪና ደህንነት ሕግ አስመጪው እንደ አምራች ነው የሚቆጠረው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ያለ ፎሪን ታየር ሴልስ የሚባል ትንሽ ድርጅት ከቻይና ያስመጣው ጎማ ችግር እንዳለበት ታወቀ። በጎማው ንብርብሮች መካከል ሆኖ እንዳይላቀቁ የሚይዘው ስስ ላስቲክ የለም፣ ወይም ከሚገባው በላይ ሳስቷል ተባለ። እስከ 450 ሺህ ጎማ ሊሆን ይችላል ተባለ። ፔንስልቬንያ ውስጥ በደረሰ አደጋ ሁለት ሰዎች ሞተው ቤተሰቦቻቸው ድርጅቱን ከሰውት ነበር። መንግሥት ጎማውን ሰብስብ ሲለው ድርጅቱ አቅም የለኝም፣ እከስራለሁ አለ። ሕጉ ኃላፊ ቢያደርገውም ኪሱ ባዶ ከሆነ ተጎጂው ምን ያገኛል? ስለዚህ ነው ሕጉና ኢንሹራንሱ አብረው መምጣት አለባቸው የምለው።

ዕቃ ይወደዳል የሚለውን አውቃለሁ። ትንሽ ይወደዳል፣ አልክድም። ግን አረቦን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ የሚተምነው ድርጅት ዝም ብሎ አይፈርምም። ከየትኛው ፋብሪካ ነው፣ የፍተሻ ወረቀቱ የት አለ፣ ከዚህ በፊት ምን ቅሬታ መጣብህ ብሎ ይጠይቃል። ከታወቀ ፋብሪካ የሚያመጣው ኢንሹራንሱን በርካሽ ይገባል። ኮፒ ዕቃ በኮንቴይነር የሚያራግፈው ወይ በውድ ይከፍላል ወይ የሚቀበለው ያጣል። ጉምሩክ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ሸራ መመርመር የማይቻለውን ያህል ይሄ ይቻላል።

ሲደነገግ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘንድሮ የተገዛ ቦል ጆይንት (የመሪና የጎማ መገጣጠሚያ) ከሁለት ዓመት በኋላ ሊለቅ ይችላል፤ አስመጪው ያኔ ንግዱን ትቶ ኢንሹራንሱን አቋርጦ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ውል ደግሞ የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ጸንቶ ካልተገኘ አይከፍልም። ስለዚህ ሽያጭ ካቆመ በኋላም ለተወሰኑ ዓመታት ሽፋኑ እንዲቀጥል መገደድ አለበት። የተበላሸውን ዕቃ ከገበያ የመሰብሰብ ወጪም በተለመደው የኃላፊነት ውል ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው መታሰብ አለበት። አገር ውስጥ ባሌስትራና ፊልትሮ የሚሠሩትም እንደዚያው፤ እነሱን ግን አንቀጽ 2085 በቀጥታ ስለሚይዛቸው ነገሩ ቀላል ነው።

ሁሉም መለዋወጫ በአንድ ጊዜ ይሁን አልልም። መስታወትና ፋኖስ ይቆዩ። ንግድ ሚኒስቴርና ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ በፍሬን፣ በመሪና በጎማ ይጀምሩ። ከዚያ በፊት ግን ነገ ማድረግ የሚቻል አንድ ነገር አለ። እኔ የምገዛበት ሱቅ የሚሰጠኝ ደረሰኝ «ፍሬን ሸራ» ብቻ ነው የሚለው። የፋብሪካው ስም የለ፣ የምርት ቁጥር የለ፣ ያስመጣው ማን እንደሆነ የለ። በዚህ ደረሰኝ ማንን ይከሷል? እነዚህ ሦስቱ ደረሰኝ ላይ እንዲጻፉ ማስገደድ በጀትም አዲስ መሥሪያ ቤትም አይጠይቅም።

አንድ የጭነት መኪና ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ